አዲስ መኪና ከፋብሪካ ወጥቶ በባቡር ሲሄድ፦ አሜሪካኖቹ እንዴት ይጭኑት ነበር?

ሐዲድ_ወዳጅ (ክሩን የከፈተው)

ባለፈው ስለ መኪና ዋጋ ስናወራ አንዱ ወንድማችን «አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና የሚጓጓዘው በተሳቢ ነው፣ መንገድ ላይ ተደርድረው እናያቸው የለ እንዴ» ብሎ ነበር። ማየታችን ልክ ነው። ግን የምናየው የመጨረሻዋን ቁራጭ ጉዞ ነው። እዚያ አገር ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖችና ፒክአፖች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ረጅሙን መንገድ የሚሄዱት በባቡር ነው። ተሳቢው የሚረከባቸው ከባቡር ማራገፊያው ግቢ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ባቡር ይህን ሥራ አንዴ ተነጥቆ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአሥር አዲስ መኪና በባቡር የሚሄደው አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። ከዚያ በአሥር ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉን መልሶ ወሰደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ባቡሩ ስለፈጠነ አይደለም። የፉርጎው ቅርጽ ስለተለወጠ ነው። ይህን ክር የከፈትኩት ለዚህ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በ1900ዎቹ መባቻ መኪና ይጫን የነበረው እህልም ሳጥንም በሚጫንበት ተራ ዝግ ፉርጎ ነው። ርዝመቱ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ገደማ። በሩ ጎኑ ላይ ነው። ለጆንያ ነው እንጂ ለመኪና ታስቦ አልተሠራም። መኪና እየበዛ ሲመጣ የባቡር ኩባንያዎቹ በሩን አሰፉት፣ ጥንድ ተንሸራታች በር አደረጉለት። አንዳንዱ ፉርጎ ጫፉም ላይ በር ተሠራለት፣ መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲገባ።

ፎርድ የራሱ መላ ነበረው። የተገጠመ መኪና ከመላክ ይልቅ ክፍሎቹን ለየብቻ አሽጎ በፉርጎ ይልክና በየአካባቢው ባቋቋማቸው ቅርንጫፎች ያስገጥማል። የሞዴል ቲ መገጣጠሚያዎች በየከተማው የበዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የተገጠመ መኪና ውስጡ ባዶ ነው። ለባዶውም ቦታ ይከፈላል።

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ጋ ነው። ያ ፉርጎ 50 ቶን ይሸከማል። አራት መኪና ሲገባበት ግን ስድስት ሰባት ቶን ቢሆን ነው። የተቀረው አየር ነው። ባቡሩ አየር ሲጎትት ይውላል።

በ1930ዎቹ ኢቫንስ ፕሮዳክትስ የተባለ የሚሺጋን ኩባንያ «አውቶ ሎደር» የሚባል የብረት መደርደሪያ ይዞ መጣ። ፉርጎው ውስጥ ይገጠማል። አንዱን መኪና አፍንጫውን ሰቅሎ በሰንሰለት ወደ ጣሪያው ያስጠጋዋል፣ ሌላው ከሥሩ ይገባል። መኪና በማይኖርበት ጊዜ መደርደሪያው ጣሪያው ላይ ተጣጥፎ ይቀመጥና ፉርጎው ሌላ ዕቃ ይጭናል። ይህ መደርደሪያ ያለባቸው ፉርጎዎች በራቸው ላይ ነጭ መስመር ይቀባ ነበር። የድሮ ፎቶ ላይ ካያችሁት ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ።

የቀረውን ቀስ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

የለገሃር_ልጅ

ጋሼ፣ ተባረክ። አንድ ነገር አልገባኝም። በሩ ጎን ላይ ከሆነ መኪናው አግድም ነው የሚገባው ማለት ነው። ውስጥ ገብቶ እንዴት ነው የሚዞረው? ቦታው ጠባብ አይደለም?

ሐዲድ_ወዳጅ

በጉልበት ነዋ! ጎማ ያለው ክሪክ ከመኪናው ሥር ያስገቡና ቂጡን እየገፉ ያዞሩታል። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት። ከዚያ ጎማዎቹ ሥር የእንጨት ታኮ አድርገው ከፉርጎው ወለል ጋር በምስማር ይመቱታል። የፉርጎው ወለል እንጨት የሆነው አንድም ለዚህ ይመቻል።

ሲደርስ ያው ሥራ በተቃራኒው ይደገማል። ታኮው ይነቀላል፣ የተሰቀለው ይወርዳል፣ መኪናው ይዞራል፣ በጎን በር ተገፍቶ ወደ ጣቢያው መድረክ ይወጣል። ይህ ሁሉ ለአራት መኪና ነው! ጭረቱና ጥርምሱ ደግሞ ሌላ ነው።

ጋራዥ_ሰው

ታዲያ ተሳቢው ቢያሸንፍ ምን ይገርማል? ተሳቢ ከፋብሪካው በር ጭኖ ሻጩ በር ላይ ያወርዳል። መሐል ላይ የሚነካካው የለም። ባቡር ግን መኪናውን ጣቢያ ድረስ ያመጣና «ና ውሰድ» ይላል። ሻጩ ሰው ልኮ ማስወጣት አለበት። በዚያ ላይ በ1956 አይዘንሃወር የአውራ ጎዳናውን ሕግ ፈረመ። መንገዱ ሰፋ። ባቡር ለድንጋይ ከሰልና ለስንዴ ነው የተፈጠረው፣ መኪና ለመንገድ ነው። እኔ እስካሁንም በዚህ አምናለሁ።

ሐዲድ_ወዳጅ

ጋራዥ ሰው፣ እስከ 1959 ድረስ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አይደለም።

የባቡሮቹ የመጀመሪያ ምላሽ አስቂኝ ነበር። መኪና የጫነውን ተሳቢ እንዳለ ባቡር ላይ ሰቀሉት። ሁለት ማጓጓዣ አንዱ በሌላው ላይ ማለት ነው። ይሠራል፣ ግን የተሳቢውን ክብደትም አብረህ ትጎትታለህ። አየሩ ቀንሶ ብረቱ ጨመረ።

ጥሩው ሐሳብ የመጣው «ተሳቢውን ተዉት፣ ፎቁን ብቻ ውሰዱ» ሲባል ነው። ጀርመን ውስጥ ቮልስዋገን በባለ ሁለት ፎቅ ፉርጎ መኪኖቹን ይልክ ነበር። የካናዳው መንግሥታዊ ባቡር ካናዲያን ናሽናል ደግሞ በ1950ዎቹ አጋማሽ 75 ጫማ (23 ሜትር ገደማ) የሚረዝም፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ጫፉ ላይ በር ያለው ዝግ ፉርጎ አሠራ። ስምንት መኪና ይይዛል። ለጊዜው እጅግ ግዙፍ ነበር።

ገበያውን የገለበጠው ግን በ1960 በአሜሪካ የመጣው ባለ ሦስት ፎቁ ነው። ፍሪስኮ እየተባለ የሚጠራው የሴንት ሉዊስ–ሳን ፍራንሲስኮ ባቡር ነው ያስጀመረው። ረጅም ጠፍጣፋ ፉርጎ፣ መጀመሪያ 85 ጫማ፣ ኋላ 89 ጫማ ሆነ። በላዩ ላይ ሦስት ፎቅ የብረት መደርደሪያ። አሥራ ሁለት ትልልቅ መኪና፣ ወይም አሥራ አምስት ትንንሽ። ከአራት ወደ አሥራ አምስት! አየሩ አለቀ።

ሌላው ብልሃት የባለቤትነቱ ነው። አንድ የባቡር ኩባንያ ለመኪና ብቻ የሚሆን ውድ ፉርጎ ገዝቶ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቆሞ ማየት አይፈልግም። ስለዚህ ጠፍጣፋው ፉርጎ የጋራ ሆነ። ትሬለር ትሬን የሚባል፣ በ1955 የተመሠረተ፣ ባለቤቶቹ የባቡር ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሆኑ ድርጅት ነበር። ዛሬ ስሙ ቲቲኤክስ ነው። ጠፍጣፋውን እሱ ያቀርባል፣ በላዩ የሚገጠመውን መደርደሪያ የየባቡሩ ኩባንያ ያቀርባል። ዛሬም ፉርጎው ጎን ላይ የአንዱ ባቡር ዓርማ እያየህ ታች ላይ የቲቲኤክስ መለያ ፊደል የምታገኘው ለዚህ ነው።

የለገሃር_ልጅ

እንዴት ነው የሚጭኑት? ሦስተኛ ፎቅ ላይ በክሬን ነው?

ሐዲድ_ወዳጅ

በክሬን አይደለም፣ እየነዱ ነው! ፉርጎዎቹ ተቀጣጥለው እንደቆሙ መጨረሻው ፉርጎ ጫፍ ላይ መወጣጫ ያስጠጋሉ። መወጣጫው እንደ ፎቁ ከፍና ዝቅ ይላል። በአንዱ ፉርጎና በሌላው መሐል ያለው ክፍተት ላይ የብረት ድልድይ ይጋደማል። ሾፌሩ ከመወጣጫው ይነሳና ፉርጎ በፉርጎ እያቋረጠ እስከ መጀመሪያው ይነዳል። ቀጣዩ ይከተለዋል። የሰርከስ ባቡሮች ጋሪዎቻቸውን በዚህ መንገድ ይጭኑ ነበር፣ ከነሱ ነው የወረሱት።

ግራና ቀኙ ጠባብ ነው። ሾፌሩ መኪናውን ካቆመ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ሆዱን ስቦ ነው የሚወጣው። ወፍራም ሰው ይህን ሥራ ቢይዝ ራሱን ይጎዳል። ቀበቶ ላይ ብረት ማሰሪያ፣ ቀለበት፣ ሰዓት አይፈለግም፣ ቀለም ይጭራል።

ከዚያ ማሰር አለ። ድሮ በሰንሰለት ከሥር ይወጠር ነበር። አሁን ወለሉ ላይ የሽቦ መረብ አለ፣ ታኮው እዚያ ላይ ይነክሳል፣ አስፈላጊ ሲሆን ጎማው በቀበቶ ይታሰራል። መኪናው በስፕሪንጉ ላይ እንዲወዛወዝ ይተዋል። አጥብቀህ ከወጠርከው ነው የሚጎዳው።

ካሳንቺስ_ሰው

የ1960ዎቹን ፎቶዎች አይቻለሁ። መኪኖቹ ክፍት ናቸው! ጎን የለ፣ ጣሪያ የለ። ማንም አልነካቸውም?

ሐዲድ_ወዳጅ

እንዴት አይነካቸውም! ባቡሩ ትላልቅ ከተሞች ውስጥ ሲያልፍ ከድልድይ ላይ ድንጋይ ይወረወርበታል። ማቆያ ግቢ ሲያድር ሬዲዮና ባትሪ ይጠፋል። ጥይት የተተኮሰባቸውም ነበሩ። የዛፍ ቅርንጫፍና ከሎኮሞቲቩ የሚወጣው ጥላሸት ሲጨመርበት ካሳው ናረ።

በ1970ዎቹ ቀስ በቀስ ሸፈኑት። መጀመሪያ ጎኑን ቀዳዳ ባለው ቆርቆሮ፣ ከዚያ ጣሪያ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ በር። ዛሬ የምናየው መስኮት የሌለው ረጅም ፉርጎ የዚያ ውጤት ነው። ቀዳዳዎቹ ብርሃንና አየር ያስገባሉ፣ ድንጋይ አያስገቡም። ካናዳዎቹ ከመጀመሪያው ሸፍነውት እንደነበር ልብ በሉ። አሜሪካኖቹ ያኔ ሳይሸፍኑ ተዉት፣ ኋላ በካሳ ከፈሉት።

ኦሃዮ_ያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ሐዲድ ወዳጅ ከባዱን ሥራ ሠርቶታል፣ ግን በጣም የምወደውን ታሪክ ዘለለው። እኔ ኦሃዮ ነው የምኖረው። ሎርድስታውን የሚባል ቦታ የጄነራል ሞተርስ ትልቅ ፋብሪካ ነበር። በ1970 ሼቭሮሌት ቬጋ የምትባል ትንሽ መኪና እዚያ መሥራት ጀመሩ። ዓላማው ከጃፓንና ከጀርመን ትንንሽ መኪኖች ጋር በዋጋ መፎካከር ነበር። መነሻ ዋጋዋ 2,000 ዶላር ከምናምን። ችግሩ ኦሃዮ ተሠርታ ካሊፎርኒያ ለመድረስ የማጓጓዣው ሒሳብ ከትልቅ መኪና ብዙም አይለይም። የቬጋን ትርፍ የሚበላው ጉዞው ሆነ።

ስለዚህ ጄነራል ሞተርስና የሳውዘርን ፓሲፊክ ባቡር ተቀምጠው መከሩ። መልሳቸው፦ መኪናዋን በአፍንጫዋ እንስቀላት!

ቀልድ አይደለም። ፉርጎው «ቨርት-ኤ-ፓክ» ይባላል። ጎኑ በሙሉ በር ነው፣ በአንድ ጎን አሥራ አምስት፣ በሌላው አሥራ አምስት። እያንዳንዱ በር እንደ ድልድይ ወደ መሬት ይወርዳል። መኪናዋን በሩ ላይ ይነዷታል፣ ከሥሯ በአራት ቦታ መንጠቆ ይይዛታል። ከዚያ ፎርክሊፍት በሩን ከጫፉ አንስቶ ይዘጋዋል። መኪናዋ ከበሩ ጋር ተነስታ አፍንጫዋ ወደ መሬት፣ ቂጧ ወደ ሰማይ ሆና ትቆማለች። ጣሪያ ለጣሪያ እንጂ ፎቅ በፎቅ አይደለም። በአንድ ፉርጎ ሠላሳ መኪና! በባለ ሦስት ፎቁ ቢሆን አሥራ ስምንት ነበር የሚገባው። የማጓጓዣው ወጪ 40 ከመቶ ገደማ ወረደ።

አሁን ጋራዥ ሰው ያዳምጥ። መኪና እንዲህ ሲሰቀል ዘይቱ፣ ነዳጁ፣ የባትሪው አሲድ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። በዚያ ላይ ሻጩ ጋ ስትደርስ ወዲያው ተነስታ መነዳት አለባት፣ ፈሳሽ ሁሉ ተሞልቶባት ነው የምትላከው። ስለዚህ መኪናዋን ራሷን ለፉርጎው ብለው ነደፏት። ሞተሩ ውስጥ ዘይት ወደ አንደኛው ሲሊንደር እንዳይገባ መከለያ አደረጉ። የባትሪው ክዳን ወደ ኋላኛው ጠርዝ ከፍ ብሎ ተቀመጠ፣ አሲዱ እንዳይፈስ። ከካርቡሬተሩ የሚወርደውን ቤንዚን የሚቀበል ቱቦ ተሠራ። የመስታወት ማጠቢያው ውኃ ዕቃ 45 ዲግሪ ጋደል ብሎ ተገጠመ። ሞተሩና ካምቢዮው በክብደታቸው እንዳይንሸራተቱ በጎን በኩል የፕላስቲክ ሽብልቅ ገባ፣ ሲወርዱ ይወጣል።

መሐንዲሱ መኪና ሲነድፍ መንገዱን ያስባል፣ ሹፌሩን ያስባል። እዚህ ግን ፉርጎው ውስጥ የምታሳልፋቸውን ቀናት አሰበ። በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ_አያልቅበትም

😂😂 ሠላሳ መኪና ቂጡን ሰቅሎ! ይህ በእውነት ሆኗል?

ጋራዥ_ሰው

አሁን ገባኝ! ቬጋ ሞተሯ የሚነድደውና ዘይት የምትበላው ለዚህ ነዋ። በአፍንጫዋ ተሰቅላ ግማሽ አሜሪካን አቋርጣ ምን ጤና ይኖራታል? ባቡር ገደላት በሉኛ።

ኦሃዮ_ያለሁ

ኧረ በፍጹም። የቬጋ ሞተር ችግር ከጉዞው ጋር አይገናኝም። የሞተሩ ብሎክ አሉሚኒየም ነው፣ እንደ ሌሎቹ የብረት እጅጌ ሲሊንደሩ ውስጥ የለውም። ውኃ አጥሯት ትንሽ ከሞቀች ሲሊንደሩ ይጫጫርና ዘይት መብላት ትጀምራለች። ሌላው ዝገቱ ነው፣ ፓራፋንጎዋ ሳታስበው ይበላል። ቦታው ላይ ቀርታ ባቡር ሳታይ የተሸጠችውም በዚያው በሽታ ነው የሞተችው።

ይልቅ የተገላቢጦሽ ነው። ፉርጎውን የገደለችው ቬጋ ነች። ቨርት-ኤ-ፓክ ለእሷና ለእህቷ ለፖንቲያክ አስትር ልክ የተሰፋ ነበር። ሌላ መኪና አይገባበትም። በ1977 ቬጋ ስትቆም ፉርጎው ሥራ ፈታ። ለመድኃኒት የሚሆን እንኳ ጭነት አልነበረውም፣ ላዩ ተነቅሎ ተጣለ።

ጎን ለጎን «ስታክ-ፓክ» የሚባልም ነበር። እሱ ለሀብታሞቹ ነው። እንደ ካዲላክ ያሉ መኪኖች ሦስት ሦስት ሆነው በዝግ ሳጥን ይገቡና አራት ሳጥን በአንድ ጠፍጣፋ ፉርጎ ይጫናል። ያም ብዙ አልቆየም።

ጋራዥ_ሰው

እሺ ስለ አሉሚኒየሙ እንስማማ። ግን ነጥቤ አልተነካም፦ ለአንድ መኪና ብቻ የሚሆን ፉርጎ የሚሠራ ኩባንያ መንገዱን አላመነበትም ማለት ነው። ተሳቢ ቢሆን ነገ ሌላ መኪና ይጭናል።

ሐዲድ_ወዳጅ

በዚህ አልከራከርህም። ባለ ሦስት ፎቁ ያሸነፈው ለዚህ ነው። የማንንም መኪና ይጭናል፣ የዛሬውንም የነገውንም።

ፖሊሽ_ቤት

እኔ ሜሪላንድ መኪና ማጠቢያና ማስዋቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ታሪኩ አላውቅም፣ ግን ከባቡር የወረደ መኪና በእጄ አውቀዋለሁ።

ነጭ መኪና ከሆነ ኮፈኑንና ጣሪያውን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ብርቱካናማ ነጠብጣብ ታገኛላችሁ፣ እንደ መርፌ ጫፍ። ሰዉ «ቀለሙ ዝጓል» ብሎ ይደነግጣል። ቀለሙ አይደለም። ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ፣ ጎማውና ሐዲዱ ሲፋጩ ደቃቅ ብረት ይበናል። መኪናው ላይ ያርፋል፣ ቀለሙ ላይ ይተከላል፣ ጤዛ ሲያገኘው ይዝጋል። ሳሙና አያስለቅቀውም። ብረት የሚያሟሟ ፈሳሽ እንረጭበታለን፣ ሐምራዊ ሆኖ ይፈስሳል። ከዚያ ለዚህ በተዘጋጀ ጭቃ መሰል ነገር ውኃ እያደረግን እናሸዋለን። በጣታችሁ ስትዳስሱት አሸዋ አሸዋ ይል የነበረው መስታወት ይሆናል።

ሻጮች ብዙ ጊዜ ይህን ለደንበኛ አይነግሩትም። አዲስ ነጭ መኪና ስትረከቡ እጃችሁን በስስ ላስቲክ ሸፍናችሁ ኮፈኑ ላይ አንሸራትቱ። ሻካራ ካለው ከመፈረማችሁ በፊት አስጸዱት።

የለገሃር_ልጅ

ይህ ወርቅ መረጃ ነው። ሌላ ከባቡር የወረደ መኪና ላይ የሚታወቅ ምልክት አለ?

ፖሊሽ_ቤት

የእኛ ክፍል ሳይሆን የመካኒኮቹ ነው፣ ግን አጠገባቸው ስለምንውል እናያለን። የጎማው ንፋስ ከልክ በላይ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፣ መካኒኩ ይቀንሰዋል። አንዳንዱ መኪና ባትሪ እንዳይጨርስ አንድ ፊውዝ ተነቅሎ ይመጣል። ስፕሪንጉ መሐል ደግሞ የጉዞ ማገጃ ይኖራል፣ ካልወጣ መኪናው ጋሪ ሆኖ ይነዳል። ነዳጁ ለመጫንና ለማውረድ ያህል ብቻ ናት።

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ

ማንም ስላላነሳው ላንሳው። እኛ ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ሎርተን አጠገባችን ነው። ከዚያ የሚነሳው አውቶ ትሬን መኪናችሁን ከእናንተ ጋር ፍሎሪዳ ሳንፎርድ ድረስ ይወስዳል። ማታ ትሳፈራላችሁ፣ ጠዋት ኦርላንዶ አጠገብ ናችሁ። ልጆቹ በሰላም ተኝተው ይደርሳሉ፣ መኪናው ከኋላ ፉርጎ ውስጥ ነው።

ይህን ክር እስካነብ አንድ ነገር አላስተዋልኩም ነበር፣ ከዚያ ፈልጌ አነበብኩ። ይህን አገልግሎት በ1971 የጀመረው ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል ሰው ያቋቋመው የግል ኩባንያ ነው። መኪናዎቹን የሚጭንባቸውን ፉርጎዎች ያገኘው ከየት መሰላችሁ? ሐዲድ ወዳጅ የጠቀሳቸው የካናዲያን ናሽናል ባለ ሁለት ፎቅ ዝግ ፉርጎዎች! ባለ ሦስት ፎቁ ገበያውን ሲወስደው እነሱ ተርፈው ነበር። የቤተሰብ መኪና ለመጫን ግን ዝግ መሆናቸው ተስማማ። ኩባንያው ከስሮ በ1981 ሥራ አቆመ፣ በ1983 አምትራክ (የአሜሪካ መንግሥት የመንገደኛ ባቡር ድርጅት) ተረክቦ እንደገና አስጀመረው።

ሐዲድ_ወዳጅ

እህቴ ቤቲ፣ እግዜር ይስጥሽ። ይህን እኔም ልጽፈው ነበር፣ ካንቺ ይልቅ አሳምሬ ግን አልጽፈውም።

የድሬ_ልጅ

ወደ ቤታችን እንመለስ። አጎቴ ከጅቡቲ አዲስ መኪና እየነዱ ከሚያመጡት ሾፌሮች አንዱ ነበሩ። በጋላፊ በኩል፣ በአፋር ሙቀት፣ ቁጥር ሰሌዳ በሌለው መኪና። መኪናው «ዜሮ ኪሎ ሜትር» ተብሎ አዲስ አበባ ሲደርስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ ነው። እኛ ድሬዎች ደግሞ ባቡሩ ደጃችን ላይ ነበር። ይህ ባለ ፎቅ ፉርጎ በእኛ ሐዲድ ላይ ይሄዳል ወይ? የአሜሪካኑ ቁመት ስንት ነው?

ሐዲድ_ወዳጅ

ጥሩ ጥያቄ። ባለ ሦስት ፎቁ ከሐዲዱ እስከ ጣሪያው 19 ጫማ ነው፣ 5.8 ሜትር ገደማ። በአሜሪካ የጭነት ባቡር መስመሮች አብዛኞቹ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም፣ ወደ ላይ መሄድ ቀላል ነው። የድሮው የፈረንሳዮቹ መስመር፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ ግን ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከአሜሪካው እኩል። ልዩነቱ በላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለው። ስለዚህ የአሜሪካኑን ባለ ሦስት ፎቅ እንዳለ አምጥተህ አትነዳበትም። ባለ ሁለት ፎቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቻይናዎች በሽቦ ሥር በባለ ሁለት ፎቅ ፉርጎ መኪና ያጓጉዛሉ። እንግዲህ ቁመት ሰበብ አይሆንም፣ ዋናው የጭነቱ ብዛትና ማራገፊያ ግቢው ነው። መኪናውን የሚያወርድ መወጣጫ፣ የሚያቆም ሰፊ ሜዳ፣ ከዚያ የሚረከበው ሰው።

ማራገፊያ ስል ትዝ አለኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፎርድና ኖርፎክ ሳውዘርን የሚባለው ባቡር አራት ትልልቅ መቀላቀያ ግቢዎች ከፈቱ፦ ቺካጎ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ኦሃዮ ውስጥ ፎስቶሪያ፣ ኬንታኪ ውስጥ ሼልቢቪል። ድሮ አንድ ፋብሪካ ለአንድ መዳረሻ ፉርጎ እስኪሞላለት መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። በመቀላቀያው ግን ከየፋብሪካው የመጣው አንድ ላይ ይወርዳል፣ በመዳረሻው ተለይቶ እንደገና ይጫናል። ሙሉ ፉርጎ ቶሎ ይወጣል። ጋራዥ ሰው፣ ያንተ ተሳቢ ይህን አይችልም።

ጋራዥ_ሰው

ይችላል! ግን ብዙ ተሳቢ ያስፈልገዋል። እሺ፣ ይህቺን ለባቡር ሰጥቻታለሁ።

ጥያቄ_አያልቅበትም

ቁመቱን ካነሳችሁ አይቀር፣ ዋሻ አለ አይደል? 5.8 ሜትር የሚረዝም ነገር በድሮ ዋሻ እንዴት ያልፋል?

ሐዲድ_ወዳጅ

አያልፍም። ጥሩ ምሳሌው የሴንት ክሌር ዋሻ ነው። በካናዳው ሳርኒያና በሚሺጋኑ ፖርት ሂውረን መሐል በወንዙ ሥር ያልፋል። በ1891 ነው የተከፈተው፣ ያኔ መኪና ማን ያውቃል! ረጃጅሞቹ የመኪና ፉርጎዎች ሲመጡ ዋሻው ጠበበ። ምን አደረጉ? ፉርጎዎቹን በጀልባ ላይ እየጫኑ ወንዙን አሻገሩ። ሁለቱም ዳር የመኪና ፋብሪካ አካባቢ ነው፣ ጭነቱ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ አጠገቡ ሰፊ አዲስ ዋሻ ቆፈሩ፣ በ1995 ተከፈተ። አሮጌው ተዘጋ።

ጥያቄ_አያልቅበትም

የመጨረሻ ጥያቄ (እውነቴን ነው)። እዚህ ሠፈሬ የሚያልፈው ባቡር ላይ አንዳንዱ ፉርጎ ሁለት ፎቅ ነው አንዳንዱ ሦስት። ከውጭ እንዴት ይለያል? ለምን ሁሉም ሦስት አይሆንም?

ኦሃዮ_ያለሁ

ጫፉ ላይ በሩ ሲከፈት ነው በደንብ የሚለየው፣ ብዙዎቹ ግን ጎናቸው ላይም ተጽፎባቸዋል። ባለ ሦስት ፎቁ ለቤት መኪና ነው፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ ላለው። ፒክአፕና ኤስዩቪ አይገባበትም፣ ለእሱ ባለ ሁለት ፎቅ ያስፈልጋል፣ አሥር ገደማ ይይዛል። አሜሪካኖች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ትልልቁን መግዛት ሲያበዙ ባቡሮቹ ተቸገሩ፦ ባለ ሦስቱ ቆሞ ይውላል፣ ባለ ሁለቱ ይጠፋል። ስለዚህ ብዙውን አንድ ፎቅ እየነቀሉ ወደ ሁለት ቀየሩት። አሁን ፎቁን እንደ ጭነቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉትም አሉ። «አውቶ-ማክስ» የሚባለው ሁለት ፉርጎ በአንድ መገጣጠሚያ ተያይዞ 145 ጫማ ይረዝማል፣ ቁመቱ 20 ጫማ ከ2 ኢንች ነው። እስከ ሃያ ሁለት ፒክአፕ ይይዛል።

ጥያቄ_አያልቅበትም

ስለዚህ ሰዉ ትልቅ መኪና በገዛ ቁጥር ባቡሩ እንደገና አየር መጫን ይጀምራል?

ሐዲድ_ወዳጅ

አየር ሳይሆን በፉርጎ የሚገባው መኪና ቁጥር ይቀንሳል። ለዚያው ሻጭ ለዚያው ብዛት መኪና ብዙ ፉርጎ ይጠየቃል። የባቡሮቹና የፋብሪካዎቹ ክርክርም አሁን በዚህ ላይ ነው፦ በቂ ባለ ሁለት ፎቅ ማን ይገዛል፣ የገዛውስ ስንት ቀን ባዶውን ሲመለስ ይታገሠዋል። ነገ ከቻልኩ ባዶ ፉርጎ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያሳይ ሌላ ክር እከፍታለሁ። ጋራዥ ሰው ግን መጀመሪያ ተሳቢው ባዶውን ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ ይንገረን።

ጋራዥ_ሰው

ባዶውን ይመለሳላ! ለዚህ ነው ዋጋው ላይ ሁለቱንም መንገድ የሚያስከፍሉህ። ነገ እዚሁ ነኝ።